ዝንቡ ያው ነው፤ ፍርሃቱ ግን ሌላ

ፊልም በታየበት ቅዳሜ ማታ በመኝታ ክፍሎቻችን ሳይነሣ የማያድር አንድ ክርክር አለ። የታየው ከአስፈሪ ፊልሞች ወገን ከሆነና ቀደም ሲል ተሠርቶ የነበረ ፊልም ዳግም ዝግጅት፣ በተለምዶ «ሪሜክ» የሚባለው፣ መሆኑ ከታወቀ፣ በላይኛው አልጋ ላይ የተጋደመው ቀና ይልና «የመጀመሪያውን አይታችሁት ቢሆን ኖሮ ይህንን ፊልም ብላችሁ አትጠሩትም ነበር» ይላል። ከታችኛው አልጋ የሚመጣው መልስም የታወቀ ነው፦ «የመጀመሪያውንማ አይቼዋለሁ፤ ጭራቁ ከካርቶንና ከሙጫ መሠራቱ ከሩቅ ያስታውቃል።» ከዚህ በኋላ መብራት ቢጠፋም እንቅልፍ የለም።

እኛም በተለያየ ጊዜ በሁለቱም ወገን ተሰልፈን ተከራክረናል። ዛሬ ግን ሁለቱም ወገኖች የተሳሳተ መለኪያ ይዘው እንደሚሟገቱ ለማሳየት እንሞክራለን። አንደኛው ወገን የሚለካው የፊልሙን ዕድሜ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የምስሉን ጥራት። በእኛ አመለካከት ሊለካ የሚገባው ፍርሃቱ ነው። ፊልሙ በተሠራበት ዓመት ሰዎች ከሲኒማ ቤት ውጭ፣ በእውን፣ የሚፈሩት ምን ነበር? ዳግም የተሠራውስ የራሱን ዘመን ፍርሃት አግኝቷል ወይስ የአባቶቹን ፍርሃት ተውሶ ነው የመጣው? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

በሳይንስ መጽሔት ላይ የፊልም ነገር ምን አመጣው የሚል አንባቢ እንደሚኖር እንገምታለን። ነገሩ ከሙያችን የራቀ አይደለም። በእኛ ዘንድ አንድን ሙከራ መድገም ነውር ሆኖ አያውቅም፤ እንዲያውም ያልተደገመ ውጤት ሙሉ እምነት አይጣልበትም። ሆኖም ድግግሞሽ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አንድ ነገር ለውጦ ሌላውን ሁሉ እንደነበረ አቆይቶ «አሁንስ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያለፈው ዓመት ተማሪ የጻፈውን የላቦራቶሪ ሪፖርት ከነቁጥሩ ገልብጦ ማስረከብ ነው። የክፍሉ ቴርሞሜትር ተሰብሮ በነበረበት ሳምንት የውሃውን ሙቀት እስከ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ድረስ በጥንቃቄ መዝግቦ ያስረከበ ጓደኛ ነበረን። ዳግም የሚሠሩ ፊልሞችም እንደዚሁ ናቸው፤ ከፊሎቹ ይጠይቃሉ፣ ብዙዎቹ ግን ቴርሞሜትሩ መሰበሩን አላዩም።

ለዚህ ከሁሉ የጠራው ማስረጃ «ሳይኮ» ነው። በ1960 አልፍሬድ ሂችኮክ ይህን ፊልም በጥቁርና ነጭ፣ በ800 ሺህ ዶላር ገደማ ሠራው። በ1998 ገስ ቫን ሳንት የተባለ ዳይሬክተር ያንኑ የፊልም ጽሑፍ ይዞ፣ ያንኑ ሙዚቃ እንደገና አስቀርጾ፣ ካሜራውንም በአብዛኛው ሂችኮክ ባቆመበት ቦታ አቁሞ፣ በቀለምና በአዳዲስ ተዋንያን ደገመው። ወጪው ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር ከፍ አለ፤ ከሲኒማ ቤቶች የተሰበሰበው ግን 37 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። ብዙዎች በቫን ሳንት ላይ ተዘባብተዋል። እኛ ግን እናመሰግነዋለን፤ ምክንያቱም አውቆም ይሁን ሳያውቅ ማንም ያልደፈረውን ሙከራ አድርጎልናል። አስፈሪነት በካሜራው አቀማመጥ፣ በንግግሩና በሙዚቃው ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ፊልም ቢያንስ የመጀመሪያውን ያህል ማስፈራት ነበረበት። አላስፈራም።

ለምን አላስፈራም? የ1960 ተመልካች ትኬት ቆርጦ የገባው ገንዘብ ሰርቃ ስለምትሸሽ አንዲት ሴት ታሪክ የሚያይ መስሎት ነበር። ያቺ ሴት፣ ያውም የፊልሙ ዝነኛ ተዋናይት፣ ታሪኩ እኩሌታው ላይ ሳይደርስ ትገደላለች። ሂችኮክ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው እንዳይገባ ሲኒማ ቤቶቹን ያስጠነቀቀውም ለዚሁ ነው። በ1998 ግን የመታጠቢያ ቤቱን መጋረጃ ፊልሙን ያላየው ሰው እንኳ ያውቀዋል።

የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ይህንን በሌላ ስሙ ያውቁታል። ኤሪክ ካንደል የተባሉት ተመራማሪ በ2000 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት በአመዛኙ አፕሊዚያ በተባለች የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ባደረጉት ጥናት ነው። የዚህች ፍጥረት ገላ በቀስታ ሲነካ ስንጥቧን ወዲያው ትሰበስባለች። ደግመው ደጋግመው ሲነኳት መሰብሰቡ እየደከመ ይሄዳል፤ ለምዳዋለችና። ነገር ግን ጭራዋ ላይ ያልጠበቀችው ጠንከር ያለ ነገር ቢደርስባት የለመደችው ንክኪ እንኳ እንደገና ያስደነግጣታል፤ እንዲያውም ከበፊቱ በበለጠ። እርግጥ ነው፣ የቀንድ አውጣ ስንጥብና የሰው ልጅ ፍርሃት አንድ አይደሉም። ይሁን እንጂ ሁለተኛው «ሳይኮ» በለመድነው ቦታ ላይ ደግሞ የነካን ጣት ነው። ጥሩ ዳግም ዝግጅት በአንጻሩ ጭራችንን ያገኘ ነው።

እስቲ ወደ ዝንቡ እንምጣ።

በ1958 የወጣው «ዘ ፍላይ» (ዝንቡ) ቁስ አካልን በትኖ በሌላ ቦታ መልሶ የሚገጣጥም መሣሪያ ስለፈለሰፈ ሳይንቲስት ይተርካል። ሳይንቲስቱ ጨዋ ባልና አባት ነው፤ ቤቱ ያማረ፣ ልጁም የሚወደው። አንድ ቀን ራሱን በመሣሪያው ሲልክ ሳያውቅ አንዲት ዝንብ አብራው ትገባለች፤ ሲወጣም የዝንብ ራስና የዝንብ እጅ ይዞ ይወጣል፤ የእርሱ ደግሞ በዝንቢቱ ላይ ቀርቷል። የፊዚክስ ተማሪ እዚህ ላይ እጁን ማውጣቱ አይቀርም፤ የዝንቢቱ ራስ የሰው ራስ ሊያክል የቻለው ተጨማሪውን ቁስ ከየት አምጥቶ ነው? መልስ የለም። ነገር ግን ዘመኑን እናስታውስ። ፊልሙ የወጣው ስፑትኒክ በጠቀሰችበት ማግስት፣ የሃይድሮጂን ቦምብ በየጊዜው በሚሞከርበት ወቅት ነው። ሕዝቡ ስለ አቶም የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር ሊበተን እንደሚችልና ሲበተን ከተማ እንደሚያጠፋ ነው። ስለዚህ የ1958 ፍርሃት «ከተበተንን በኋላ መልሰን ካልተገጣጠምንስ?» የሚል ነው። አደጋው በቅጽበት ይደርሳል፤ ወደኋላ መመለስም የለም።

ዴቪድ ክሮነንበርግ በ1986 ዝንቡን ሲመልሰው በመሐል ብዙ ነገር ሆኖ ነበር። ዘረ መልን ከአንዱ ፍጥረት ወስዶ በሌላው ውስጥ ማስገባት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተችሏል፤ በ1975 ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው አሲሎማር በተባለ የካሊፎርኒያ ሥፍራ ተሰብስበው «የት ላይ እንቁም?» ሲሉ መክረዋል፤ በ1982 በባክቴሪያ ውስጥ የተመረተ የሰው ኢንሱሊን ለሕሙማን እንዲሰጥ ተፈቅዷል። በመሆኑም በአዲሱ ፊልም ራስና እጅ አይለዋወጡም። ኮምፒውተሩ ሁለት ዓይነት የዘር መረጃ ይቀርብለትና ምን ማድረግ እንዳለበት ስላልተነገረው ሁለቱን አዋሕዶ አንድ ያደርጋቸዋል። ሳይንቲስቱ ከመሣሪያው ሲወጣ ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ጉልበቱ ጨምሯል፤ ደስ ብሎታል። ከዚያ ጀርባው ላይ ጠንካራ ጸጉር ይበቅላል። ከዚያ ጥፍሩ ይነቀላል። ከዚያ ጆሮው ይወድቃል። የወደቁትን የገላውን ክፍሎች በመታጠቢያ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደ ሙዚየም ይሰበስባቸዋል፤ የሚሆነውን ሁሉ እየመዘገበ፣ በራሱ ላይ እየቀለደ።

ይህ በ1958 ያልነበረ ፍርሃት ነው። ጠላት ከውጭ አልመጣም፤ በገዛ ህዋሳችን ውስጥ የተጻፈ ነገር ቀስ እያለ ራሱን ያነብባል። በጠና የታመመ ዘመድ ያስታመመ ሰው ይህን ፊልም ዝንብ አለበት ብሎ አያየውም። ብዙዎች በዘመኑ ከኤድስ ጋር አያይዘውታል፤ ዳይሬክተሩ ግን ሕመምንና እርጅናን በጥቅሉ ማሰቡን ተናግሯል። በሳይንሱ በኩል ስሕተቱ ከመጀመሪያው አያንስም፤ 30 ትሪሊዮን ገደማ የሚሆኑትን የአዋቂ ሰው ህዋሳት ባንድ ጊዜ የሚያዋሕድ መሣሪያ አይታሰብም። እኛ ግን ከፊልም የምንጠብቀው የፈተና መልስ አይደለም። ጥያቄው ወደ ትክክለኛው ቦታ፣ ከአቶም ወደ ዘረ መል፣ መሸጋገሩ በቂ ነው። ጭንብሉን የሠሩት ባለሙያዎች የኦስካር ሽልማት አግኝተውበታል፤ ሽልማቱ ይገባቸዋል፤ ነገር ግን ሙጫውና ላስቲኩ ያስፈራው ከሥሩ ይህ ጥያቄ ስላለ ነው።

«የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይበልጣል» ለሚሉ ወዳጆቻችን የሚከብዳቸው ምሳሌ ደግሞ «ዘ ቲንግ» (ያ ነገር) ነው። የ1951ዱ ፊልም በአርክቲክ በረዶ ውስጥ ወድቆ ስለተገኘ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጥረት ነው። ፍጥረቱ ከእንስሳ ይልቅ ለተክል የቀረበ፣ ደም የሚመጥ ግዙፍ ነው፤ ወታደሮቹ ሊያጠፉት ሲሯሯጡ አንድ ሳይንቲስት «ለዕውቀት ሲባል ይቆይ» እያለ ያደናቅፋቸዋል። የቀዝቃዛው ጦርነት ፊልም መሆኑን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም፤ ጠላት በውጭ ነው፣ ቅርጹም ይታወቃል፣ አብዝቶ የሚያስብ ሰው ደግሞ አይታመንም። (የሳይንስ ተማሪ ይህን ሲያይ ቅር ቢለው አንፈርድበትም።) ጆን ካርፔንተር በ1982 ሲደግመው ይህንን ሁሉ ጣለው። የጣለው ግን አዲስ ነገር ፈጥሮ አይደለም፤ ሁለቱም ፊልሞች መነሻ ወዳደረጉት፣ ጆን ካምቤል በ1938 ወዳሳተመው ታሪክ ተመልሶ ነው። በዚያ ታሪክ ፍጥረቱ የራሱ ቅርጽ የለውም፤ ያገኘውን ህዋስ ሁሉ አስመስሎ ይሠራል። ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ነው «ኦሪጅናሉ»? ዳግም ዝግጅቱ ለምንጩ ከቀደመው በላይ ታማኝ ሆኖ ሲገኝ የዕድሜ መለኪያ ውሃ አያነሳም።

በዚህ ፊልም ውስጥ ለእኛ ለሳይንስ ሰዎች የተሠራ የሚመስል አንድ ትዕይንት አለ። በአንታርክቲካ ጣቢያ የተከበቡት ሰዎች ከመካከላቸው ማን ሰው፣ ማን አስመሳይ እንደሆነ አያውቁም። ከእነርሱ አንዱ መላምት ያቀርባል፤ የፍጥረቱ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ሕያው ነገር ከሆነ፣ ከገላው የተለየ ደሙ እንኳ ራሱን ለማዳን ይሞክራል። ከዚያ ሁሉንም አስሮ፣ ከየሰዉ ደም ወስዶ በየሳህኑ አስቀምጦ፣ የጋለ ሽቦ በየተራ ይነክርበታል። የራሱንም ደም በሁሉም ፊት ይፈትናል፤ ይህን እናደንቃለን። የሞቱትን ሰዎች ደምም አይተውም። የጎደለው አንድ ነገር ቢኖር የፍጥረቱ መሆኑ አስቀድሞ የተረጋገጠ ደም ለማነጻጸሪያ አለመያዙ ነው፤ ሽቦው ምንም ባያሳይ ፈተናው ሠርቶ ይሁን ሳይሠራ በምን ያውቅ ነበር? ሆኖም መሣሪያ ከተደገነባቸው ሰዎች መካከል ቆሞ ለሚሠራ ሰው ይህ ይቅር የሚባል ጉድለት ነው።

ፊልሙ በሲኒማ ቤት ብዙ አልቀናውም። ከሁለት ሳምንት በፊት ስፒልበርግ ሕፃናት የሚወዱትን ደግ እንግዳ በ«ኢ.ቲ.» አሳይቶ ነበርና ሕዝቡ ክፉውን እንግዳ ለማየት አልጓጓም፤ ሐያስያንም አወገዙት። ጊዜ ግን ፈረደለት። ኤድስ በዚህ ስሙ መጠራት የጀመረው ፊልሙ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው፤ ካርፔንተር ስለዚህ በሽታ ሊያስብ አይችልም ነበር። የደም ምርመራውን ትዕይንት ግን በኋላ ያየው ተመልካች ሁሉ ሌላ ነገር ሆኖ አየው። እኛም ያየነው የፀረ ኤድስ ክበባት በየትምህርት ቤቱና በየግቢው በነበሩበት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። አብረውን ከነበሩት አንዱ በዚያው ሳምንት የደም ምርመራ አድርጎ ውጤቱን ይጠባበቅ ነበር። ሽቦው ወደ ሳህኑ በቀረበ ቁጥር ክፍሉ ውስጥ ማንም አልሳቀም፤ በሌላ ቀን ቢሆን እንስቅ ነበር። ተመልካች ወደ ፊልሙ የራሱን ፍርሃት ይዞ እንደሚገባ ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም ሊነግረን አላስፈለገም።

በ2011 በዚሁ ስም ሌላ ፊልም ተሠራ። ታሪኩ ከካርፔንተር ታሪክ የሚቀድም ነው ቢባልም አካሄዱ ያው ነው። ለፊልሙ በእጅ የተሠሩ ጭራቆች ነበሩ፤ በኋላ ግን አብዛኞቹ በኮምፒውተር ምስል ተሸፈኑ። ወጪውን እንኳ አልመለሰም። ከእጅ አይሻል ዶማ ይሏል ይህ ነው።

ወደ ጃፓን ስንሻገር ነገሩ ይበልጥ የሚያስገርም መልክ ይይዛል። ሂዴዎ ናካታ በ1998 የሠራው «ሪንጉ» (ቀለበት) ስለ አንድ የተረገመ የቪዲዮ ካሴት ነው። ካሴቱን ያየ በሰባት ቀን ይሞታል፤ ለመዳን ያለው መንገድ ካሴቱን ቀድቶ ለሌላ ሰው ማሳየት ነው። መነሻ የሆነው የኮጂ ሱዙኪ ልብ ወለድ በ1991 የወጣ ሲሆን እርግማኑን ከፈንጣጣ ቫይረስ ጋር ያያይዘዋል፤ ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው ደግሞ በ1980 ነበር። እንግዲህ ቫይረስ ማለት ሌላው እንዲቀዳው የሚያስገድድ መልእክት ካልሆነ ምንድን ነው? ከቴሌቪዥኑ የምትወጣዋ ልጅ አካሄድ ያን ያህል የሚዘገንነው ተዋናይቷ ወደኋላ እየተራመደች ተቀርጻ ምስሉ ተገልብጦ ስለታየ ነው፤ ብልሃቱ ይኸው ነው። ካሴት በየቪዲዮ ቤቱ ተከራይተን፣ ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ፣ ፊቶች እስኪደበዝዙ ድረስ ላየን ሰዎች ይህ ፊልም ሩቅ አልነበረም። ጎር ቨርቢንስኪ በ2002 የሠራው አሜሪካዊው «ዘ ሪንግ» ያልተቻኮለ ጥሩ ሥራ ነው፤ በዓለም ዙሪያ 249 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል። በ2017 ደግሞ ካሴቱ ቀርቶ እርግማኑ የኮምፒውተር ፋይል ሆኖ መጣ። በሐሳብ ደረጃ ዘመኑን የዋጀ ነው፤ ዳሩ ግን የመጀመሪያው ፍርሃት ካሴት ይዞ የአንድ የምታውቀውን ሰው በር ማንኳኳት ነበር። በአንድ ጠቅታ የሚላክ ነገር ሕሊናን አያስጨንቅም። ያንን ማሳየት ይቻል ነበር፤ አላሳዩትም።

ቅጂ ሁሉ ደካማ ነው የሚል ካለ «ኖስፈራቱ»ን ያስታውስ። የ1922ቱ ጀርመናዊ ፊልም የብራም ስቶከርን «ድራኩላ» ያለ ፈቃድ የወሰደ ነው፤ ፍርድ ቤትም ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ወስኖበት ነበር። ነገር ግን በስቶከር መጽሐፍ ደም መጣጩ በቀን ብርሃን ይንቀሳቀሳል፤ በፀሐይ ብርሃን መሞት የጀመረው በዚህ ፊልም ነው። ዛሬ ደም መጣጭ በፀሐይ እንደሚሞት የማያውቅ ተማሪ የለም። በቅጂው ላይ የተፈጠረ አንድ ለውጥ የመላው ዝርያ ጠባይ ሆነ ማለት ነው፤ የዝግመተ ለውጥ መምህሮቻችን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ካላቸው ይንገሩን። በ1979 ቨርነር ሄርዞግ፣ በ2024 ደግሞ ሮበርት ኤገርስ ደግመውታል። የኤገርስ ሥራ ለዓይን እጅግ ያማረ ነው፤ ያማረ ሥዕል እንጂ አዲስ ፍርሃት ግን ብዙም አላገኘንበትም።

ከቅርቦቹ እኛን ያሳመነን «ዘ ኢንቪዝብል ማን» (የማይታየው ሰው) ነው። ኤች.ጂ. ዌልስ በ1897 ባሳተመው ልብ ወለድ ሳይንቲስቱ የገላው የብርሃን ስብረት ከአየር ጋር እኩል እንዲሆን አድርጎ ይሰወራል፤ የ1933ቱ ፊልም ደግሞ ነገሩን አእምሮ በሚያሳብድ መድኃኒት ያመካኛል። ለዚህ ታሪክ የቀረበው የታወቀ የሳይንስ ተቃውሞ፣ ሩሲያዊው ጸሐፊ ያኮቭ ፔሬልማንም ያነሣው፣ ቀላልና የማይመለስ ነው፦ የዓይኑ ሬቲና ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ምስል የሚያርፍበት ቦታ የለም፤ የማይታየው ሰው ዕውር ነው። በ2020 ሊ ዋነል ሲደግመው ሰውየው መድኃኒት አይጠጣም፤ ጥቃቅን ካሜራዎች የሞሉት ልብስ ይለብሳል። በዚህም የፔሬልማን ተቃውሞ ይወድቃል፤ ዓይኑ እንደማንኛችንም ዓይን ነው። ይህ ግን ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ለውጥ ታሪኩ ከሳይንቲስቱ ወደ ሴቲቱ መዞሩ ነው። ሰውየው የሚደበድባትና የሚቆጣጠራት የቀድሞ ጓደኛዋ ነው፤ ሞቷል ተብሏል፤ እርሷ ግን በክፍሉ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች፣ የሚያምናት ግን የለም። ካሜራው ባዶ ጥግ ያሳያል፤ ባዶ ወንበር ያሳያል፤ እኛም ባዶውን ቦታ በፍርሃት እናያለን። ለዚህ የሚያስፈልግ ወጪ የለም፤ ፊልሙ በ7 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ከ140 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። በ1933 የተፈራው ራሱን ከሕግ በላይ ያደረገ ሳይንቲስት ነበር። በ2020 የተፈራው ደግሞ ያለማቋረጥ መታየትና በራስ ቃል አለመታመን ነው። ከግቢያችን ሴት ተማሪዎች ጋር ያየነው ጊዜ፣ በኋላ ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለ ስልካቸው ሲያወሩ ሰምተናል።

የቀሩትን በፍጥነት እንለፋቸው። «ቴክሳስ ቼይንሶው» በ2003፣ «ፍራይዴይ ዘ ሰርቲንዝ» በ2009፣ «ናይትሜር ኦን ኤልም ስትሪት» በ2010 እንደገና ተሠሩ፤ ስማቸው ታውቆ የነበረ ስለሆነ ማስታወቂያቸው ቀላል ነበር። ከ2002 በኋላ ደግሞ የእስያ አስፈሪ ፊልሞች እየተገዙ በአሜሪካ በተርታ ተደገሙ። በሠሪዎቹ ብቻ መፍረድ ግን አይገባም። ጃፓንኛውን ከግርጌ ጽሑፍ ጋር ማንበብ የሰለቸን፣ ጥቁርና ነጭ ሲመጣ «ይለፈን» የምንል እኛው ነን። በላይኛው አልጋ ላይ ያለው ወዳጃችንም ቢሆን የመጀመሪያውን የሚያወድሰው ብዙ ጊዜ ሳያየው ነው። በዚህ መሐል የሚጎዳው ገና ያልተሠራው ፊልም ነው፤ ለሚታወቅ ስም የዋለ ገንዘብ ስም ለሌለው ፍርሃት አይውልምና።

ያልተሠራ ስንል አንድ እናውቃለን። ሦስተኛ ዝንብ ቢሠራ ከ1986ቱ መለየት ይኖርበታል። የሆምጣጤ ዝንብ ዘረ መል በ2000 ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ከተነበበ ወዲህ የሰውን በሽታ ከሚያስከትሉት ዘረ መሎች ሦስት አራተኛ ያህሉ በዝንብ ውስጥ አቻ እንዳላቸው ታውቋል፤ እንግዲህ ዝንብነት እንግዳ ነገር አይደለም፣ ከመጀመሪያውም አብሮን ነበር። ክሪስፐር የተባለው የዘረ መል መቁረጫ ከ2012 ወዲህ በላቦራቶሪዎች ተስፋፍቷል፤ በ2018 ደግሞ ዘረ መላቸው ገና በጽንስ ሳሉ የተቀየረ መንትዮች በቻይና መወለዳቸው ተነገረ፤ ያደረገውም ሳይንቲስት ታሰረ። በሁለቱም የቀደሙ ፊልሞች ዝንቧ በስሕተት ነበር የገባችው። አሁን ግን መሣሪያውን ከፍቶ፣ አስቦና ፈቅዶ፣ ያውም ለልጁ መልካም በመመኘት ዝንቧን የሚያስገባ አባት ልናስብ እንችላለን። ይህንን ፊልም እስካሁን ማንም አልሠራልንም።

እስከዚያው ለግቢው የፊልም ክበብ ሁለቱን ዝንቦች በሁለት ተከታታይ ቅዳሜዎች እንዲያሳይ ሐሳብ አቅርበናል። ክበቡ ተስማምቷል። ያልተስማማንበት ነገር የ1958ቱ ይቅደም ወይስ የ1986ቱ የሚለው ብቻ ነው፤ ስለዚሁ ጉዳይ ባለፈው ሐሙስ የተጀመረው ስብሰባ መብራት ስለጠፋ ለሚቀጥለው ሳምንት ተላልፏል።